መርሳ ላይ የሚያንኳኳ ሞተር

በላይ ኣዜብን በደንብ አያውቃትም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲልክላትና ሲቀበላት ኖሮ፣ ስለ እሷ ንገረን ቢሉት ከአንድ ገጽ የሚያልፍ ነገር የለውም። ቆቦ እንደተወለደች፣ አባቷ ከትግራይ ሄዶ አሥመራ ጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው እንደነበር፣ ወልድያ መናኸሪያው ጀርባ ያለውን የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት ከእሱ እንደወረሰች ያውቃል። አግብታ እንደነበር ሰምቷል፤ ባሏ ሞቶ ይሁን ትቷት ሄዶ ግን ጠይቆ አያውቅም። ሻይ ያለ ስኳር ትጠጣለች። ብረት ስትሞርድ ከንፈሯን ትነክሳለች። ከዚህ ሌላ የሚያውቀው እጇን ነው። እጇን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሚስቱ እጅ ይበልጥ ያውቀዋል።

ማወቁ አልጠቀመውም። በላይ መርሳ ከተማ ዳር፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ጋራዥ ያለው ሰው ነው። ከግራና መስኖ ሽንኩርት የሚጭኑት አይሱዙዎች ሁሉ በእጁ አልፈዋል። የናፍጣ ሞተር ድምፅ ከመንገድ ማዶ ሰምቶ የታመመውን ቦታ ይናገራል። ሆኖም የተበላ ብረት ሲገጥመው ጠቅልሎ ወልድያ ለኣዜብ ይልካል፤ በሦስተኛው ቀን እንደ አዲስ ሆኖ ይመለስለታል። ባለመኪናው ሊረከብ ሲመጣ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቃል።

«ቶርኖውን ኣዜብ ናት የሠራችው?»

«እሷ ናት።»

ሰውየው ያን ጊዜ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ ፊቱ ይፈታል። ሞተሩን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ መልሶ የገጠመው በላይ ነው፤ ሰውየው የሚረጋጋው ግን በእሷ ስም ነው። በላይን ዓመት ከዓመት ያቃጠለው ይኸው ነበር።

በ2012 ማብቂያ ላይ አቶ አለሙ አንዲት ቀይ ፊያት ገዙ። አቶ አለሙ የመርሳ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ አራት አይሱዙ አላቸው፤ አራቱንም በላይ ነው የሚጠግናቸው። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ከእሳቸው ዕድሜ ብዙ የማታንስ የስፖርት መኪና ነበረች። በጭነት መኪና ላይ ተጭና መርሳ ስትገባ ገበያተኛው ሳቀ።

«ጋሽ አለሙ፣ ሽንኩርቱን የት ልታደርጉት ነው?» አላቸው አንዱ ደላላ።

«በዚች ሽንኩርት አይጫንባትም። እኔ ነኝ የምጫንባት።»

አዲስ አበባ ላይ በመጪው ግንቦት የትንንሽ መኪኖች እሽቅድምድም ነበር። አቶ አለሙ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ሊወዳደሩ ቆርጠው ነበር። ልጅ ሳሉ ካዩት አንድ ውድድር ወዲህ ሲያልሙት የኖሩት ነገር እንደሆነ ለበላይ ነገሩት። በላይም ሞተሩን በሐሳቡ መፍታት ጀመረ። ሥራው የእሱ መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠረም።

«አንተ ጎማውንና ፍሬኑን ያዝልኝ» አሉት አቶ አለሙ። «ሞተሩንና ካምቢዮውን ለኣዜብ ነግሬያታለሁ። አባቷ የፊያት ሰው ነበር። መኪናዋ ግን እዚሁ ያንተ ግቢ ትቁም፤ እሷ እየተመላለሰች ትሠራለች።»

በላይ «ጥሩ አድርገዋል ጋሼ» አለ። ቤቱ ሲገባ ምሳ አልበላም።

ሚስቱ አስካለ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ ነበር። ሳህኑን አንስታ፣ «አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር በእኔ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ ብትቀና ደስ ይለኝ ነበር።»

«ሞኝ አትሁኚ። የሥራ ነገር ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? የብረት ቅናት ነው እንጂ የሥጋማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ጥቅምት መጨረሻ ሰሜን ላይ ጦርነቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ለመርሳ የራቀ ነገር መሰለ፤ ወታደር የጫኑ መኪኖች በዋናው መንገድ ሽቅብ ያልፋሉ፣ ሕዝቡ እጁን ያውለበልባል፣ ገበያው ይቀጥላል። ኣዜብ በሳምንት ሦስት ቀን ከወልድያ በሚኒባስ እየመጣች በበላይ ግቢ ትሠራ ነበር። በላይ ጎማ እየፈታ ያያታል።

ያየው ነገር ሁሉ አመመው። ደሴ ከብረት ቁርጥራጭ ነጋዴ ቤት ባለ አምስት ማርሽ የፊያት ካምቢዮ አግኝታ አመጣች። ካምቢዮው ከድሮው ረዘም ስላለ፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ በአራት ጣት ተረፈ፤ ወልድያ ወስዳ ቆርጣ በየደችው፣ ቶርኖው ላይ እያሽከረከረች የከበደውን ወገን በሞረድ አቀለለች። ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ዲፈረንሻል አውጥታ የአንድ ውልቅልቁ የወጣ ላዳ ታክሲ ዲፈረንሻል ተካች። «ከኩርባ ስትወጣ ቶሎ እንድትስብ ነው» አለች ሳይጠይቃት። ከሞተሩ ኋላ የሚሽከረከረውን ከባድ ክብ ብረት ሦስት ኪሎ ያህል ላጠችው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲረገጥለት ከበፊቱ ቶሎ የሚነሳ ሆነ።

ቴስታታውን፣ ያ ማለት የሞተሩን ክዳን፣ ከታች በኩል በስሱ ላገችው። ፒስቶኑ የሚጨምቀው ቦታ ሲጠብ ጉልበት ይጨምራል። ብዙ ከላጉት ግን ቫልቩ ወርዶ ከፒስቶኑ ጋር ይጋጫል። ኣዜብ ከቦርሳዋ የቤተ ክርስቲያን ጧፍ ቁራጭ አወጣች። ሰሙን በጣቷ አለስልሳ ፒስቶኑ ራስ ላይ ለጠፈችው፣ ክዳኑን ገጠመች፣ ሞተሩን በእጇ ሁለት ጊዜ አዞረች፤ ከዚያ ፈትታ የተጨፈለቀውን ሰም ውፍረት ለካች። በቃ። በላይ ሃያ ሦስት ዓመት በዚህ ሙያ ሲኖር ይህን አላሰበውም ነበር። በዚያች ቁራጭ ጧፍ የተነሳ ከቀድሞው አብልጦ ጠላት።

መጋቢት ላይ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ደስ ይላል። ኣዜብ ነዳጅ ስትረግጥ ግን ከውስጡ፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚበተን ያለ ነገር ተሰማ። በላይ ከጎማው ሥር ቀና አለ። ልቡ ውስጥ የተንቀሳቀሰው ደስታ መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው።

«ያንኳኳል» አለ።

«መርሳ ላይ ያንኳኳል» አለች ኣዜብ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ቆላ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱም አለ። እኔ የላግሁት ለአዲስ አበባ ነው። ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ያኔ ይተዋል። ሐሙስ መጥቼ ከወልድያ በላይ ባለው የድልብ ዳገት እንፈትነዋለን። ጋሽ አለሙ እስከዚያ እዚህ ሜዳ ላይ አጥብቀው እንዳይረግጡ ንገርልኝ።»

ንገርልኝ ማለቷ ልማድ ነው። በአካባቢው ሙያ ባለመኪናው ራሱ ካልመጣ ቶርኖ ቤት አይነግረውም፤ ቃሉ የሚያልፈው ሥራውን በያዘው ጋራዥ በኩል ነው። እሷ ደግሞ ልማድ አክባሪ ነበረች። ጋራዡን ዘልላ ለባለመኪና ደውላ አታውቅም።

ሐሙስ አልመጣችም። ኬላ ላይ መታወቂያዋን አይተው ከሚኒባሱ አውርደው መለሷት። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ደውላ «ለጋሼ ነገርክልኝ?» አለችው። «ነግሬያቸዋለሁ» አላት።

አልነገራቸውም። አቶ አለሙ መጥተው ሞተሩን አስነስተው ጠጠሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከመጠን በላይ ላግታዋለች ጋሼ። እንዲህ ከቀጠለ ፒስቶኑ ይበሳል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔ ልየው።»

በላይ የሴትየዋን ቃል ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ ሙሉ በሙሉም አልካደም። የናፍጣ ሰው ነው፤ የቤንዚንን ጠባይ እንደ እሷ አያውቅም፤ ምናልባት እውነቷን ይሆናል ብሎም አስቦ ነበር። እውነቷን ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ቴስታታውን ፈትቶ በክዳኑና በሞተሩ መካከል በሚገባው አንድ ጋስኬት ላይ ሌላ ደረበበት። ክዳኑ ከፍ አለ፣ ጭመቃው ቀነሰ፣ ጠጠሩ ጠፋ። አቶ አለሙ በመርሳ ዋና መንገድ ወርደው ተመለሱና ትከሻውን መቱት።

«ሙያ ማለት ይሄ ነው።»

በላይ ይህን ቃል አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቆታል።

ግንቦት ላይ መኪናዋን በአይሱዙ ጭነው አዲስ አበባ ወጡ። ሜዳው ላይ አሥራ ሁለት መኪኖች ተሰለፉ። ቀይዋ ፊያት ስትነሳ ጥሩ ነበረች፤ ከመጀመሪያው ኩርባ ስትወጣ ግን ደከመች። ካምቢዮው ማርሽ እየሰጣት፣ ዲፈረንሻሉ እየገፋት፣ ሞተሩ ትንፋሽ አጣ። በላይ ከአጥሩ ዳር ቆሞ ሰማት። በዚያ ስስ አየር ላይ ጭመቃዋን የቀነሰው እሱ ነው። አሥራ አንደኛ ወጣች። አሥራ ሁለተኛው ጎማው የፈነዳበት ነው።

ሲመለሱ አቶ አለሙ መርሳን አልፈው ወልድያ ድረስ ሄዱ። ከቶርኖ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ መናኸሪያው ሁሉ እየሰማ፣ «በአገር ፊት አዋረድሽኝ» አሏት። በላይ አይሱዙው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ መስኮቱ ክፍት ነው።

ኣዜብ ማሽኑን አጥፍታ ወጣች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ሲሄዱ መርሳ ላይ ያንኳኳ ነበር ጋሼ?»

«እሱንማ በላይ አስተካከለው። ያንን እንኳ አላበጀሽውም።»

ከእሳቸው ትከሻ በላይ አሻግራ ወደ አይሱዙው አየች። በላይ የመኪናውን መሪ አየ፣ ጣቱን ቆጠረ፣ ቀና ሲል አሁንም እያየችው ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ ገባች።

ጊዜው ክፉ ነበር። የግንባሩ ወሬ በየቀኑ እየቀረበ፣ ሰው ጎረቤቱን በስሙና በትውልዱ መመርመር ጀምሮ ነበር። የአቶ አለሙ ስድብ ከመናኸሪያ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ልብስ ለበሰ፤ ኣዜብ የሰውየውን ሞተር ሆን ብላ አበላሸችው ተባለ። ሁለት ወጣቶች መርሳ ድረስ መጥተው በላይን ጠየቁት።

«አንተ ባለሙያ ነህ፤ ሴትየዋ አውቃ ነው ያበላሸችው ይባላል። እውነት ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ በላይ። «የእኔ ሥራ ጎማና ፍሬን ነበር።»

ኣዜብ ሁለት ጊዜ ተጠርታ ተጠየቀች። ቶርኖ ቤቱ ዘጠኝ ቀን ተዘግቶ ሰነበተ። በላይ በዚያ ሰሞን የተበላ ብረቱን ደሴ መላክ ነበረበት፤ ተሠርቶ ሲመለስ እየጠበበ፣ እየሰፋ፣ ባለመኪኖች እያጉረመረሙ። ስለዚህም ተናደደባት። አልገባውም እንጂ፣ ባትኖርም ሥራዋ ከሥራው በልጦ መታየቱን አላቆመም።

ሐምሌ ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ራሱ መጣ። አቶ አለሙ በላይንና አስካለን በአይሱዙ ጭነው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ቀይዋ ፊያት ከኋላቸው በሽንኩርት ጆንያ ተሸፍና ነበር። ደሴም ስትያዝ ደብረ ብርሃን ገቡ። ኣዜብ ወልድያ ቀረች።

ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ ጋራዡ ባዶ ነበር። ቆርቆሮው ቀርቷል፤ መፍቻ የሚባል ነገር ግን አንድም የለም። የኣዜብ ቶርኖም ሞተሩ ተነቅሎ ተወስዷል፤ አካሉ የቀረው ማንም ሊያነሳው ስላልቻለ ነው። እሷ ግን የአንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ሞተር አድሳ ገጥማለት መብራት ሲመለስ ሥራ ጀምራለች። ይህም አልበቃ፤ በዚያ በጭንቁ ጊዜ የሰፈሩን ወፍጮ ሞተር ፈትታ፣ ግቢዋ ውስጥ ቀብራ አትርፋው ነበር። ከስደት የተመለሰው ሰው መጀመሪያ ያስፈጨው በዚያ ነው። በላይ ይህን ሲሰማ እሱ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ሲሰለፍ እሷ ሞተር ስትቀብር ታየው። በዚህም ቀናባት። ያም ሆኖ የፊያቷ ነገር አልተረሳም። «ወፍጮውን አድናለች፣ እውነት ነው፤ የጋሽ አለሙን መኪና ግን…» የሚል አይጠፋም ነበር።

ሚያዝያ ላይ አቶ አለሙ መጡ። ሰኔ ላይ ሌላ ውድድር አለ።

«ዘንድሮ አንተው ሥራት» አሉት። «እሷ እጇን እንዳታሳርፍባት።»

በላይ ሞተሩን አስነሳ። ነጭ ጭስ ወጣ። በተደራረበው ጋስኬት መካከል ውሃ ሰርጎ አንዱን ሲሊንደር አዝጎታል። ያንን የሚያጸዳ ቶርኖ ከሐራ እስከ ውጫሌ ቢፈለግ አንድ ነው ያለው። መፍቻ ስለሌለው ሞተሩን ሊከፍተው እንኳ አልቻለም። መፍቻ ተውሼ የደረብኩትን ጋስኬት ሳታየው ላውጣው ብሎ አስቦ ነበር፤ አስቦ ሦስት ቀን ዘገየ። በአራተኛው ቀን መኪናዋን ስቦ ወልድያ አደረሳት።

«ውሃ እያስገባ ነው» አላት። «ጋሽ አለሙ እዚህ መምጣቷን አያውቁም።»

«አስገባት» አለች።

ፊቱ ላይ ፈታችው። ክዳኑን አንስታ ሁለቱን ጋስኬቶች ከላዩ ላጠቻቸውና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በላይ ጠበቀ። ይህን ሰዓት ዓመት ሙሉ ጠብቆታል፤ ምን እንደምትለው፣ እሱም ምን እንደሚመልስ አሰናድቶ ነበር።

«ድርብ ሲሆን አይጠብቅም» አለች። «ውሃው የገባው በዚህ ነው።» ወደ ሲሊንደሩ አጎነበሰች።

ስድስት ቀን ሠራች። ሲሊንደሩን አጸዳች፣ ክዳኑን በአንድ አዲስ ጋስኬት ገጠመች። በላይ ብረት እያቀበላት ዋለ፤ እያንዳንዱን እንቅስቃሴዋን እያየ፣ በእያንዳንዱ እየተቃጠለ። ብትሰድበው ይቀለው ነበር። የሚገባውን ስድብ ይዛበት ቀረች፤ ያሰናዳውን መልስ የሚመልስበት አጣ።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ለአቶ አለሙ ደወለ። በንዴት በፒክ አፓቸው ከመርሳ ወጥተው ደረሱ።

«ምን አልኩህ እኔ?»

«ይከተሉን ጋሼ። ከዚያ ይቆጡኛል።»

በላይ መሪውን ያዘ፣ ኣዜብ አጠገቡ ተቀመጠች። ከከተማው ሲወጡ ሞተሩ አንኳኳ። ወደ ድልብ የሚያወጣው ዳገት ሲጀምር ጠጠሩ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደና አንድ ኩርባ ላይ ጨርሶ ተወ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ከእግሩ ሥር ሸሸች። ማርሽ በለወጠ ቁጥር ቶሎ ትነሳለች፣ ከኩርባ ስትወጣ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ትለጥፈዋለች። በላይ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ሞተር ነድቶ አያውቅም። ሊያለቅስ ቃጣው፤ ደስታም ነበር፣ ግማሹ ግን እኔ ይህን አልሠራሁም የሚል ነበር።

ብርዱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆመው ጠበቁ። አቶ አለሙ ብዙ ቆይተው ደረሱ። ኮፍያቸውን አውልቀው መኪናዋን ዞሯት።

«አጣኋችሁ እኮ» አሉ። «አንዴ ከዓይኔ ከወጣችሁ ወዲህ አቧራችሁን እንኳ አላገኘሁም። በላይ፣ እጅህ ይባረክ። አምና እሷ ባትነካብኝ ኖሮ…»

በላይ ኣዜብን አየ። ወደ ቁልቁለቱ ዞራ ነጠላዋን እያጣፋች ነበር። አትናገርም። ዛሬም አትናገርም፤ ይሸከመው ብላ ትታለታለች፤ በዚህ እንኳ ልትበልጠው። ይህን መቻል ያቃተው በጽድቅ ሳይሆን በቅናት ነው።

«የእኔ እጅ አይደለም» አለ። «ዛሬም፣ አምናም የእሷ ነው። አምና ያንኳኳል፣ ላይ ሲወጣ ይተዋል፣ ለጋሼ ንገር ብላኝ ነበር። አልነገርኩዎትም። ሁለት ጋስኬት ደርቤ ያደከምኩት እኔ ነኝ። ሰዎቹም መጥተው ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኩ።»

አቶ አለሙ ወደ ኣዜብ ዞሩ።

«እውነት ነው ወይ ልጄ?» አሏት።

«ሞተሩ አሁን ደህና ነው ጋሼ» አለች።

«እኔ መናኸሪያ ላይ ቆሜ የተናገርኩትን እንዴት ልሰብስበው?» አሉ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ። ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። «አንተ ከመርሳ እስከ ወልድያ በየሱቁ ትነግራለህ። በየጋራዡ። እኔም እዚያው በሯ ላይ ቆሜ እናገራለሁ።»

«እነግራለሁ» አለ በላይ።

ቁልቁል ሲመለሱ አቶ አለሙ ቀድመው ሄዱ። ኣዜብ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሞተሩን ትሰማለች። አንዱን ኩርባ፣ ሁለተኛውን አለፉ።

«ያን ቀን በሩ ላይ ያንኳኳ ነበር ወይ ብለሽ ስትጠይቂያቸው፣ ያኔውኑ ገብቶሻል» አለ በላይ። «አንድ ቃል ብትናገሪ እኔን ነበር የሚጠይቁኝ። ዘጠኝ ቀን ቤትሽ ሲዘጋም ዝም አልሽ። ለምንድን ነው?»

«በፍሬን ብቻ አትያዘው፣ ማርሽ ቀንስ» አለች።

ማርሽ ቀነሰ።

«ጠይቄሽ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልመልስልህም» አለች ኣዜብ።